ክቡር ዱባ ስለ ጃርቷ የጻፈው

ትሪያቭና፣ ጃንዋሪ 18

ለእህቴ ልጅ ለራሊትሳ፣

ሰላምታዬ የኛን በረዶ ረግጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ብርቱካን በየመንገዱ የሚወድቅበት አገር ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እናትሽ ሴቭዳስ ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ትንቋቋለች? እኛ ደህና ነን። ሚስቴ ፔናም ደህና ናት፤ ደም ግፊቷ ከፍ የሚለው ከኔ ጋር ስትጣላ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከፍ ይላል።

በኢሜይል ብልክልሽም ቀንና ሰላምታ ሳልጽፍ አልጀምርም። በስልክ የሚላክ ቁርጥራጭ ወሬ ለጋዝ ሻጩ ነው፤ ለዘመድ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እናትሽ ሹክ አለችኝ። «የድቡ ወፍጮ» የሚባለውን የካርቱን ፊልም የሚወዱ ሰዎች በኢንተርኔት ተሰብስበው ሥዕል የሚለዋወጡበት ቡድን ውስጥ ገብተሻል አሉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ባለወፍጮው ድብና እንስሳቱ ምን እንደገጠማቸው ከየራሳችሁ ትስላላችሁ፣ አንዱ የሌላውን እያየ አስተያየት ይሰጣል አሉ። እና ለኔ አልነገርሽኝም! የዚህን ከተማ የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ለጻፍኩት፣ የባህል ቤቱን የአሻንጉሊት ቲያትር መጋረጃ ለሳልኩት፣ አስተማሪ ሳላውቅ ሠዓሊ ለሆንኩት ለኔ! ዳቦ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ዳቦ ርግቦች ሊለቅሙት ሲታገሉ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ።

የትኛው ሥዕል ያንቺ እንደሆነ ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ ራሴ ገብቼ እፈልገዋለሁ። የእህቴን ልጅ እጅ ከሺህ እጅ መሃል እለየዋለሁ።

ዓይኑ ያልፈዘዘው አጎትሽ፣
ግሮዝዳን


ቫሌንሲያ፣ ጃንዋሪ 29

ለማከብርህ አጎቴ ለግሮዝዳን፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የእናቴ ወገብ ጋ ስደርስ ደንበኛው ፊት ሳቄ አመለጠኝ። ጤና ይስጥህ። የፔናንም ደም ግፊት እግዜር ዝቅ ያድርግላት፤ አንተ እንደማታደርገው አውቃለሁ። እናቴ ትንቋቋለች፣ ግን ሆቴሉን ማጽዳት አላቆመችም። እኔ ደህና ነኝ።

እናቴ የነገረችህ እውነት ነው። የኔው ግን ነጠላ ሥዕል አይደለም፤ ስቶሪቦርድ ነው። አንድ ትዕይንት ፊልም ከመሆኑ በፊት ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ማን ማንን እንደሚያይ፣ ከዚያ ምን እንደሚከተል በተከታታይ ክፈፎች የሚነደፍበት ነው። እዚህ አንድ ትንሽ የአኒሜሽን ስቱዲዮ በኤፕሪል ጥቂት ሰልጣኞች ይቀበላል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የተቸው፣ ከትችቱም በኋላ የታረመ ስቶሪቦርድ ይዘን እንድንቀርብ። እኔም የሌላ ሰው ወረቀት ሳባዛ እንዳላረጅ ይህን በር ልሞክር ብያለሁ።

የትኛው እንደሆነ ግን አልነግርህም። በቡድናችን ፌብሩዋሪ ስም የለሽ ወር ነው። ሥራው ያለ ስም ይቀርባል፤ አስተያየት የሚሰጠውም በሐሰት ስም ነው። ማርች ሲገባ የሁሉም ስም ይገለጣል። የማያውቀኝ ሰው ሥራዬን ብቻ አይቶ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ። አንተ ታውቀኛለህ።

እባክህ አትግባ። እምቢ ብለህ ብትገባም ቀልድ አትጻፍ። እዚያ ሰው የሚያወጣው ያላለቀ ሥራውን ነው፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ቆዳ የለውም።

የምትወድህ፣
ራሊትሳ


ትሪያቭና፣ ፌብሩዋሪ 15

ለሠዓሊዋ ራሊትሳ፣

የወይን መግረዣው በዓል በረከት ከነራስ ምታቱ ይድረስሽ! ራስ ምታቱን እንኳ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ትናንት ከጎረቤት ወንዶች ጋር ወጥተን ወይኑን ገረዝን፣ ሥሩ ላይ ወይን ጠጅ አፈሰስን። ዕጣው ወጥቶ የዓመቱ የወይን ንጉሥ እኔ ሆንኩ። የሐረግ ዘውድ ጭንቅላቴ ላይ ደፉልኝ፣ ተሸክመው ወደ ቤት ሲያመጡኝ ፔና በር ላይ ቆማ «ከየት አነሣችሁት? እዚያው መልሱት!» አለቻቸው።

ከዚያ ማዕድ ተቀመጥን። እንደ ልማዳቸው «ግሮዝዳን፣ ያቺን ታሪክ!» አሉኝ። ያንቺን የመድረኩን ታሪክ ነገርኳቸው። ስንት ዓመት ሰምተውት ዘንድሮም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባትኖሪም ማዕዱ ላይ ነበርሽ ማለት ነው።

አሁን ልናዘዝ። ገባሁ። እንዴት ዝም ልበል? የባህል ቤቱ ልጅ አካውንት ከፈተችልኝ፤ ስሜን አልነግርሽም፣ ሕጉ ሕግ ነው። ብዙም ሳልደክም አገኘሁሽ! ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ የሰዓት ማማ፣ በየበረንዳው የወይን ሐረግ። የኛው ሰፈር እኮ ነው! «ይቺ ራሊትሳ ናት!» ብዬ ብጮህ ፔና «የታለች?» ብላ በመስኮት አየች።

ጣሪያውን እንዴት አድርገሽ ነው የሳልሽው! ለወገን የሚደረገውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ከዚህ በላይ አልልም። ስሙ ሲገለጥ ትሰሚያለሽ።

ንጉሥ አጎትሽ፣
ግሮዝዳን


ቫሌንሲያ፣ ፌብሩዋሪ 21

ለአጎቴ ለግሮዝዳን፣

ንግሥናህ ይባረክ። ፔናን ሳምልኝ።

ባለቀይ ጣሪያው ሥራ የኔ አይደለም። ማን እንደሠራው አላውቅም። ድንቅ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን የኔ አይደለም።

ሕጉን ልጣስና የኔን ልንገርህ፤ ምክንያቱም ዘንድሮ የማማክረው ሰው የለኝም። የኔው ግብዣው ነው። ድቡ ወፍጮው ቤት እንግዶች ጠርቶ፣ ትንሿ ጃርት ዱቄት ውስጥ የወደቀችበትን ቀን እያስመሰለ ያወራል፤ እንግዶቹ ይስቃሉ። ጃርቷ ጠረጴዛው ሥር ናት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ጥሩ ነገር ጻፉልኝ፤ አንዷ ካሜራውን ዝቅ እንዳደርገው መከረችኝ። ከዚያ «ክቡር ዱባ» የሚባል አንድ ሰው መጣ። እንዲህ ሲል፦

«ይህች ጃርት ናት ወይስ የጥርስ መፋቂያ የተሰካባት ድንች? ድቡስ ምን ነክቶት ነው በአንዲት ፍሬ ልጅ ላይ ይህን ያህል የሚገለፍጠው? እንዲህ ያለ አሰልቺ ፍጡር በየትኛው አገር ታይቶ ያውቃል? ይህን የሳለ ሰው ጨዋታ ባለበት ማዕድ ተቀምጦ አያውቅም። እርሳሱን ያስቀምጥና ድንቹን ይላጥ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማግስቱን አንዱ የእውነት ድንች ላይ የጥርስ መፋቂያ ሰክቶ ፎቶውን ለጠፈ። ሌላው ኮፍያ አደረገላት። አሁን በሥራዬ ሥር ያለው ድንች በድንች ነው፤ ስለ ትዕይንቱ የሚናገር የለም። የባሰው ምን መሰለህ? ቀልዱ ያስቃል። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንተ አንደበት አለህ። ግባና መልስ ስጥልኝ። ስሜን ሳትጠራ፣ ለዚያ ሰውዬ አንድ ነገር በለው።

ራሊትሳ


ትሪያቭና፣ ፌብሩዋሪ 22 (ጽፌ ያልላክሁት)

ራሊዬ፣

ዱባው እኔ ነኝ።

ባለጣሪያው ያንቺ መስሎኝ ነበር። ገጹ ላይ ከሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ያንቺን አየሁት፣ ሰዎችም እያመሰገኑት ነበር። የእህቴን ልጅ ሊበልጣት ነው ብዬ ትንሽ ላሽሟጥጠው ፈለግሁ። ወይን ጠጅ ጠጥቼ ነበር ልል ነበር። አልጠጣሁም። በጠራ አእምሮዬ፣ መነጽሬን አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሰዎቹ ሲስቁ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ለፔና አነበብኩላት።

ከሺህ እጅ መሃል


ትሪያቭና፣ ማርች 2

ለእህቴ ልጅ ለራሊትሳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ማርች ሲገባ የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ፔና ናት የፈተለችው። ሽመላ እስክታዪ እጅሽ ላይ እሰሪው። እዚያ ሽመላ ከሌለ ማንኛውም እግረ ረጅም ይበቃል።

ለመልሴ መዘግየት ይቅርታ። ጥርሴን አሞኝ ነበር። ፔና «የትኛውን?» ስትለኝ «ሁሉንም» አልኳት። «አንድ ያደረግኸው ነገር አለ» አለችኝ። «ምንም የለም» አልኩ። «እንግዲያው ለምን ሾርባውን በሹካ ትጠጣለህ?» አለች።

ስለዚያ ሰውዬ፤ እንዳልሽኝ መልስ ልሰጠው ገብቼ ነበር። ስሙ ጠፍቷል፣ ወጥቶ ሄዷል መሰለኝ። እርሺው። አንዳንድ ሰው ዝም ሲል የሞተ ስለሚመስለው ያገኘውን ይለፈልፋል። ጃርቷ ጃርት ትመስላለች። ሥራሽ ጥሩ ነው። ድቡም ጥሩ ነው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። እናትሽን ሰላም በያት።

ግሮዝዳን


ቫሌንሲያ፣ ማርች 10

ለአጎቴ ለግሮዝዳን፣

ክሩ ደርሶኛል፤ አስሬዋለሁ። ጥርስህ እንዴት ሆነ? ከተማው ለማርች በዓሉ በርችት ይናወጣል፤ እናቴ በየፍንዳታው «ጌታ ሆይ» ትላለች፣ የሆቴሉ እንግዶች የምትጸልይ መስሏቸው ያከብሯታል።

ስሞቹ ተገለጡ። ባለቀይ ጣሪያውን የሠራው ሊዝበን የሚኖር ሰው ነው፤ አገራችንን ረግጦ አያውቅም፣ ከፎቶ ነው የሳለው። ክቡር ዱባ ግን ከመገለጫው ቀን በፊት አካውንቱን ሰርዞ ጠፋ። ማን እንደሆነ መቼም አላውቅም።

ሥራዬን ከገጹ አንሥቼዋለሁ። ለስቱዲዮው እንደማልመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ አላክሁትም፣ ግን የምልከው ይመስለኛል። ድንቹ አይደለም ተስፋ ያስቆረጠኝ። «እንዲህ ያለ ፍጡር በየትኛው አገር ታይቶ ያውቃል» ያለው ነው። እኔ ድቡን ከሰው ነው የሳልኩት። የማያውቀው ሰው አይቶ ካላመነው እኔ መሳል አልችልም ማለት ነው።

ከማን እንደሳልኩት ልንገርህ? ካንተ ነው። ለዚህ ነው የትኛው እንደሆነ ልነግርህ የፈራሁት። በልጅነቴ በባህል ቤቱ መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፍቶኝ የሸናሁበትን ቀን በየበዓሉ ታወራው ነበር፤ እንዴት እንደቆምኩ፣ እንዴት ወደ ጫማዬ እንዳየሁ እያስመሰልክ። ዘንድሮም አውርተኸዋል፤ አንተው ጻፍክልኝ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር እገባ ነበር። ልከስህ አይደለም። ታስቅ ነበር። እዚያ ሥር ሆኜ እኔም እስቅ ነበር፤ ካልሳቅሁ እዚያ ሥር መኖሬ የሚታወቅባችሁ ይመስለኝ ነበር።

ሳትቀየም እየው። አንተ ብትቀየምም ቢያንስ ድቡን ታውቀዋለህ።

ራሊትሳ


ትሪያቭና፣ ማርች 12

ራሊትሳ፣

በሰላምታ አልጀምርም፤ ሰላምታ የሚሰጥ ፊት የለኝም።

ክቡር ዱባ እኔ ነኝ። የድንቹን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለጣሪያው ያንቺ መስሎኝ፣ ያንቺን የባዕድ ሥራ አድርጌ ተሳለቅሁበት። አንቺ መሆንሽን ካወቅሁ በኋላ ልነግርሽ ጀምሬ ፈራሁ። ስሞች የሚገለጡበት ቀን ሲቃረብ የባህል ቤቱን ልጅ ለምኜ አካውንቱን አሰረዝኩ። ከዚያ «መልስ ልሰጠው ገብቼ ነበር» ብዬ ጻፍኩልሽ። ያ ውሸት ነበር። ጥርሴም አላመመኝም።

የአሁኑ ደብዳቤሽ ሲመጣ ስቶሪቦርዱን ከፍቼ እንደገና አየሁት። ሆዱ የኔ ነው። ሲያወራ የሚያነሣት ጣት የኔ ናት። ሌሎች መሳቃቸውን ለማየት ቀና የሚልበት አንገት የኔ ነው። ፔናን ጠርቼ «ይህ ድብ ማንን ይመስላል?» አልኳት። መነጽሯን እንኳ አላደረገችም። «ምን ጥያቄ ነው? አንተን ነዋ!» አለች። እኔ ግን ስስቅበት «ይህን የመሰለ አሰልቺ ማነው?» አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት።

ያንቺን እጅ አላወቅሁም። የራሴንም ፊት አላወቅሁም። የሳልሽው ስላልመሰለ አይደለም። እባክሽ ለስቱዲዮው ያንን ደብዳቤ አትላኪ።

ግሮዝዳን


ቫሌንሲያ፣ ኤፕሪል 3

ይድረስ ለአቶ ግሮዝዳን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ጠርጥሬ ነበር። «ድንቹን ይላጥ» የሚለውን ሳነብ ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ አጎቴን እንዲህ በመጠርጠሬ አፈርኩ። ስለዚህ ነው መልስ እንዲሰጡልኝ የጠየቅሁዎት፤ ጥርጣሬዬን ለመካስ። ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ ሳፍር መክረሜ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የወንድሟን ነገር ከኔ መስማት አይገባትም።

የስቱዲዮው ቀጠሮ ኤፕሪል 22 ነው። እስካሁን አልወሰንኩም። ለፔና ጤና ይስጥልኝ።

ራሊትሳ


ትሪያቭና፣ ኤፕሪል 7

ለራሊትሳ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። «አቶ» ማለትሽ ከነ«እርስዎ»ው ደርሶኛል። ይገባኛል። ከተማው ውስጥ አቶ ብሎ የሚጠራኝ ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር።

ለፔና ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷ ላይ?»

«ልጅቷ መሆኗን አላወቅሁም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ፣ የሌላ ሰው ልጅ ብትሆንስ ኖሮ? ያኔ ልክ ነበርክ?»



«አሁን ምን ላድርግ?» ብላት «በአደባባይ ቆሽሸህ ጓዳ ውስጥ ትታጠባለህ? እዚያው ሄደህ ታጠብ!» አለችኝ።

ሄድኩ። በገዛ ስሜ፣ በገዛ ፎቶዬ፣ ከነጢሜ ገባሁ። «በስም የለሹ ወር ክቡር ዱባ የነበርኩት እኔ ነኝ። በግብዣው ስቶሪቦርድ ላይ የጻፍኩት ነውር ነበር። ድቡ አይታመንም ያልኩት ራሴን ስላላወቅሁት ነው። ስሜ ሊወጣ ሲል የሸሸሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስምሽን አልጠራሁም፣ ዘመዴ መሆንሽንም አልተናገርኩም።

ያገኘሁትን አገኘሁ። አንዱ ፎቶዬ ላይ በጭንቅላቴ ፈንታ ዱባ ተከለበት፣ ቅንድቤን ግን ተወልኝ። ሌላው የጥርስ መፋቂያ ሰካበት። ሦስተኛው የዱባ ሾርባ አደረገኝ። ለፔና አላነበብኩላትም፤ እሷ ግን በትከሻዬ ላይ ሆና አየች፣ አልሳቀችም። ማዕድ ላይ ሆኖ መሳቅ ሌላ፣ ማዕዱ ላይ መቅረብ ሌላ ነው።

አንዲት ሴት «ሠዓሊዋን ታውቃታለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቃትም ነበር» ብዬ መለስኩ።

የመድረኩንም ታሪክ ከእንግዲህ አላወራም። ትናንት ጎረቤቱ ጠየቀኝ። «ረሳሁት» አልኩት። «አንተ? ያንን?» ብሎ ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ትኩሳት ያለኝ መሰለው።

መልስ አልጠብቅም።

ግሮዝዳን


ቫሌንሲያ፣ ኤፕሪል 15

አጎቴ ግሮዝዳን፣

ጤና ላንተ፣ ጤና ለፔና፣ ለሽንኩርቷም።

ገጹን አየሁት። ዱባውን ሾርባ ያደረገውን ሳይ ልስቅ ነበር፤ ከዚያ ቅንድብህን አየሁና ሳቁ አልመጣ አለኝ። የኔን ድንች ስቄበት ያንተን ዱባ ሳልስቅበት መቅረቴ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ግን ተናድጄም ቢሆን «አንተ» ልልህ ወስኛለሁ፤ «እርስዎ»ው አስቸገረኝ፣ በየመስመሩ የማላውቀው ሰው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ «ከግሮዝዳን ጋር ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። «ስለ ሥራ እየተነጋገርን ነው» አልኳት። እውነት ነው።

ለስቱዲዮው ያንን ደብዳቤ አልላክሁትም። በሚቀጥለው ሰኞ እሄዳለሁ። ስቶሪቦርዱንም አርሜዋለሁ። እንደተመከርኩት ካሜራውን አወረድኩት፤ አሁን ብዙው ነገር የሚታየው ከጃርቷ ቁመት ነው። መጨረሻውን ደግሞ ቀየርኩት። ድቡ ወሬውን አቋርጦ ጎንበስ ይላል፣ የጠረጴዛውን ልብስ ይገልጣል፣ ጃርቷን አንሥቶ ያቅፋታል። አያይዤልሃለሁ።

እውነቱን ንገረኝ። ዱባ ሆነህ አይደለም፣ አጎት ሆነህም አይደለም። እንደ ሠዓሊ።

ራሊትሳ


ትሪያቭና፣ ኤፕሪል 16

ለሠዓሊዋ ለራሊትሳ፣

«ሠዓሊዋ» የሚለውን ቃል ፌብሩዋሪ ላይ ስጽፈው ላስቅሽ ነበር። ዛሬ ላስቅሽ አይደለም። ጤና ይስጥሽ፤ «አንተ» ስላልሽኝም እግዜር ይስጥልኝ። ንዴትሽ ጊዜውን ይውሰድ፣ አልቸኩልበትም።

ሥራሽን ጠዋት አየሁት፣ ከሰዓት አየሁት፣ አሁንም ከፊቴ ነው። ካሜራውን ማውረድሽ ትልቅ ነገር አድርጓል። እንግዶቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም፣ የሚታየው ጫማቸውና የሚንቀጠቀጥ ጉልበታቸው ነው፤ ሳቅ በጉልበት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። የጠረጴዛው እግር ቀጥኗል። አወፍሪው፤ ትንሽ ልጅ ሥሩ የምትደበቅበት ጠረጴዛ እግሩ ዛፍ ነው የሚመስላት።

አሁን መጨረሻው። ማቀፉን አውጪው።

አሳሳሉ ቆንጆ ነው፣ እጆቹንም አሳምረሻቸዋል። ግን ድቡ እንዲህ አላደረገም። ጎንበስ ብሎ አላየም፣ የጠረጴዛ ልብስ አልገለጠም። ለምን እንደጨመርሽው አውቃለሁ፤ ይህን ሥራ አጎትሽ እንደሚያየው ስለምታውቂ ነው። አዝነሽልኛል። አንቺ አዝነሽ የሰጠሽኝን እቅፍ እኔ ሳልሰጥሽ እንደሰጠሁ ሆኖ ሰው ፊት ሊቀርብ አይገባም። ሰረቅሁ ማለት ነው።

የቀድሞውን መልሺ። የመጀመሪያው ጃርቷ ራሷ ስትስቅ ነው የሚያልቀው፣ እንደ እንግዶቹ አፏን ከፍታ። ያን ክፈፍ ክቡር ዱባ ጭራሽ አላየውም ነበር። እኔም ያየሁት ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ካየሁት ወዲህ ማዕድ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው ማን ዝም እንዳለ ሳይሆን ማን አጥብቆ እንደሚስቅ ነው። እዚያ ክፈፍ ላይ ትንሽ ቆዪ። ከላይ የድቡ ድምፅ ይቀጥል። አታቋርጪው፣ አታስተካክዪው፣ እንዲጸጸትም አታድርጊው። እኔ ራሴን ያወቅሁት ሲስቅ ስላየሁት ነው፤ ሲያቅፍ ብትስዪው ኖሮ «ደግ ሰው ሳለችኝ» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳይ ነበር።

ሌላ የማርመው የለም። ከዚህ የተሻለ ሥራ እኔ በዕድሜዬ አልሠራሁም፤ ይህንንም የምለው እንደ ሠዓሊ ነው።

ሰኞ ስትገቢ ተረጋግተሽ አሳዪያቸው። «ይህ ድብ ከየት መጣ?» ብለው ከጠየቁሽ ንገሪያቸው። ከነስሜ ንገሪያቸው።

ግሮዝዳን